የቆዳ ዩሪያ፦ ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ ብዙ

በጎንደርና በዙሪያዋ «ዩሪያ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ማዳበሪያን ነው። ደንቢያ ወይም ጎንደር ዙሪያ የሚያርስ ዘመድ የሌለው የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ማዳበሪያ ሲወደድ ወይም ሲዘገይ ወሬው ፒያሳ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ሌላው ደግሞ ቃሉን የሚያውቀው ከላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ኩላሊቱን የተመረመረ ሰው «ዩሪያህ ከፍ ብሏል» ተብሎ ደንግጦ ይሆናል። እንግዲህ ይኸው ቃል ለተሰነጠቀ ተረከዝ ወይም ለወፈረ ጥፍር በታዘዘ ቅባት ላይ ሲገኝ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። ማዳበሪያ ሰውነት ላይ ይቀባል ወይ? ከሽንት ነው የሚሠራው? አንድ ዓይነት ነገር ከሆነ ታዲያ ከማሳ የተረፈውን በጥብጦ መቀባት ለምን አይቻልም? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛው ግን መልስ ካላገኘ ቆዳ ያቆስላል።

መድኃኒት ቤት ከገቡ በኋላም ሌላ ግራ መጋባት ይጠብቃል። «ዩሪያ ስጡኝ» ያለ ሰው 5 በመቶም 40 በመቶም ሊሰጠው ይችላል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው። አንዱ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ሌላው ጥፍር ያነሳል።

ዩሪያ ምንድን ነው?

የበላነው ፕሮቲን ሲፈርስ ጉበት ትርፉን ናይትሮጅን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ኩላሊት ደግሞ ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ከላብ ጋርም ጥቂት ይወጣል። በደም ምርመራ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሐኪም የሚጨነቀው ማጣሪያው ደክሞ እንደሆነ ስለሚጠረጥር ነው። ተረከዝ ላይ ከሚቀባው ክሬም ጋር ግንኙነት የለውም።

ዩሪያ እ.ኤ.አ. በ1773 ፈረንሳይ ውስጥ ከሽንት ተለይቶ ወጣ። በ1828 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር ያለ ኩላሊትና ያለ ሽንት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠራው። ሕይወት ያለው አካል ብቻ የሚፈጥረው የሚመስል ነገር በሰው እጅ ሲሠራ ማየት ለዘመኑ ሳይንስ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ፋብሪካዎች ዩሪያን የሚሠሩት አሞኒያንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በከፍተኛ ግፊት አዋህደው ነው። በቱቦ የታሸገው ክሬም ውስጥ ያለው ከማንም ሽንት አልተወሰደም። መቀባቱን ለመጸየፍ ምክንያት የለም።

እንዲያውም ቆዳችን ራሱ ዩሪያ አለው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን ውኃ ይዞ የሚቆየው አሚኖ አሲድን፣ ላክቴትን፣ ዩሪያንና ሌሎችንም በያዘ የተፈጥሮ ድብልቅ ነው። በደረቀ ቆዳና በችፌ ላይ ይህ ዩሪያ ቀንሶ ይገኛል። ዝቅተኛ መጠን ያለው ክሬም የጎደለውን መመለስ ነው የሚሠራው።

ሁለት ጠባይ

ባለሙያዎች ስለ ዩሪያ ሲያወሩ ሁለት የውጭ ቃላት ይጠቀማሉ። «ሂውሜክታንት» እርጥበት ስቦ የሚይዝ ማለት ነው። «ኬራቶሊቲክ» ደግሞ ኬራቲንን የሚያላላ። ኬራቲን የቆዳችንን የላይኛውን ሽፋን፣ የጥፍርንና የፀጉርን አካል የሠራው ጠንካራ ፕሮቲን ነው።

ዩሪያ ሁለቱንም ነው። የትኛው ጠባዩ እንደሚጎላ የሚወስነው መጠኑ ነው። ድርቅ ያለ ጠፍር ውኃ ሲጠጣ እንደሚለሰልስ ማሰብ ይቻላል። መጠኑ ሲያንስ ዩሪያ ውኃ ስቦ ቆዳውን ያለሰልሳል። መጠኑ ሲበዛ የኬራቲንን ትስስር ራሱን ይፈታል። ያኔ የደነደነው ቆዳ እየላላ ይላጣል፣ ጥፍርም ይለሰልሳል።

በግርድፉ ሲከፈል፣ እስከ 10 በመቶ ያለው ለድርቀት ነው። ከ10 በላይ እስከ 30 በመቶ ያለው ለወፈረ፣ ለሻከረና ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይሆናል። 40 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው በጣም ለደነደነ ቆዳና ለታመመ ጥፍር ነው። ድንበሮቹ እንደ ግድግዳ የቆሙ አይደሉም። የክሬሙ መሠረት፣ የቆዳው ውፍረትና መሸፈን አለመሸፈኑ ለውጥ ያመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው የዩሪያ ክሬም ወይም ቅባት 5 እና 10 በመቶ ነው። ለአብዛኛው ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው። 40 ለጥቂቶች የሚሆን፣ ክትትል የሚፈልግ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ቤት መጠየቅ ያለበት ዋናው ጥያቄ «ዩሪያ አለ?» አይደለም። «ስንት በመቶ ነው?» ነው።

ከጆንያው የተረፈውስ?

በጆንያው ላይ 46 የሚል ቁጥር አለ። ቅባቱ 40፣ ማዳበሪያው 46 ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። በጆንያው ላይ ያለው 46 የናይትሮጅን መጠን ነው። ንጹሕ ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ዩሪያ ነው ማለት ነው።

ሲመረትም ለሰው ቆዳ ታስቦ አይደለም። በምርት ጊዜ የሚፈጠር ባይዩሬት የሚባል ውህድ ይኖርበታል። ፍሬዎቹ እንዳይጋገሩ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ነገር ሊጨመርበት ይችላል። ከመጋዘን እስከ ጎተራ የነካው አቧራና አፈርም አለ።

ሌላም ችግር አለ። ቤት ውስጥ በጣት ቆንጥሮ በውኃ የበጠበጠ ሰው ስንት በመቶ እንደሠራ አያውቅም። ዩሪያ ሲሟሟ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ቅዝቃዜው የሚያስታግስ ሊመስል ይችላል። ሲቆይ ደግሞ በውኃ ውስጥ እየፈረሰ አሞኒያ ይለቃል፣ ቆዳንም ያቃጥላል። በመድኃኒቱ ውስጥ ዩሪያው እንዳይፈርስ ተብሎ የሚደረገው ጥንቃቄ በብጥብጡ ውስጥ የለም። በአጭሩ፣ ማዳበሪያው ለማሳ ይቅር።

ቆዳ ላይ አቀባቡ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ፀሐይና አቧራ ነው። ቆዳ ወዙን የሚያጣው፣ ተረከዝም የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው። ክፍት ጫማ፣ ረጅም መቆምና በባዶ እግር መሄድ ያባብሱታል። ጥምቀትም ጥር ላይ ነው የሚውለው፤ ብዙ ሰው ታቦት ሲያጅብ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ተረከዙ የተሰነጠቀ ሰው ሰቀቀኑን ያውቀዋል።

ጥሩው ጊዜ ማታ እግር ከተታጠበ በኋላ ነው። ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን አንድ ማስታጠቢያ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ረጅም መዘፍዘፍ አያስፈልግም። እግሩን በፎጣ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ በጣቶች መካከል ያለውን ግን አጥብቆ ማድረቅ ነው። ቆዳው ገና ጠል እንዳለ ቅባቱ በስሱ ይቀባል። በጣቶች መካከል አይገባም። እዚያ እርጥበት ከታመቀ ፈንገስ ይመቸዋል። ለስግደት ውዱእ የሚያደርግ ሰውም ካደረቀ በኋላ ቢቀባ ቅባቱ አይታጠብበትም።

መጠኑን ለመገመት ቀላል መንገድ አለ። ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የወጣ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የሁለት መዳፍ ስፋት ያለውን ቆዳ ይሸፍናል። ለድርቀት በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ለውጥ ለማየት ከአንድ እስከ ጥቂት ሳምንት መታገስ ያስፈልጋል። ቆዳው ሲሻለው ድንገት ማቆም ሳይሆን ቀናቱን ማራራቅ ይሻላል።

ዩሪያ የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ሲነካ ይቆጠቁጣል። ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚጠፋ መቆጥቆጥ የተለመደ ነው። ማቃጠሉ ካልቆመ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከቆሰለ ግን ታጥቦ መተው አለበት። ደም ያለው ወይም ጥልቅ ስንጥቅ እስኪገጥም በቫዝሊን ሸፍኖ መቆየት ይሻላል። ዓይን፣ ከንፈር፣ ብልትና ክፍት ቁስል ላይ አይቀባም። ከፍ ያለ መጠን ያለው ፊት ላይ አይውልም። የሕፃናት ቆዳ ስስ ነው፣ የሚቀባው ነገር በቀላሉ ያልፋል። ለእነሱ ሐኪም ሳይጠይቁ አለመጀመር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ዝቅተኛ መጠን ያለውን ለእግሯ ብትቀባ የሚያሰጋ አይደለም። የምታጠባ እናት ጡቷ አካባቢ አትቀባ። የኩላሊት ድክመት ያለበት ሰውም ሰፊ የሰውነት ክፍል ከመቀባቱ በፊት ይጠይቅ።

ቅቤና ቫዝሊን አይበቁም ወይ?

«ድሮ ዩሪያ ሳይኖር ሰው በቅቤ ይኖር አልነበረም ወይ?» የሚል ሙግት አለ። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ቅቤም ቫዝሊንም ቆዳው ላይ ሽፋን ሠርተው ውኃ እንዳይተን ያግዳሉ። ለቀላል ድርቀት ቫዝሊን በዋጋም በደኅንነትም የሚናቅ አይደለም። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ደግሞ ቆዳን የመቆጣት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

ሁለቱ የማይሠሩት የደነደነውን ማላላት ነው። ተረከዙ እንደ ቅርፊት የወፈረ ሰው ላዩን ቢቀባ ከታች ያለው እንደነበረ ይቀራል። ያን የሚያላላው ዩሪያ ነው። ስለዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ዩሪያውን ቀድሞ፣ ቫዝሊኑን ከላዩ ቀብቶ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ አድርጎ ማደር ጥሩ ዘዴ ነው። ይህ ግን ለዝቅተኛና ለመካከለኛ መጠን ነው። መሸፈን መድኃኒቱን ያበረታዋል።

አንድ ብዙ የማይነገር ጉዳይ አለ። በቅባት የራሰ ጨርቅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶበታል። በከሰል ምድጃ አጠገብ ቡና በሚፈላበት፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ በሚበራበት ቤት ነገሩ ቀላል አይደለም። ቅባት የጠጣ ነጠላ፣ ካልሲ ወይም አንሶላ ከእሳት ይራቅ።

ስኳር ያለበት ሰው እግር

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም በአንድ ቃል አይናገሩም። አንዳንድ የመድኃኒት ወረቀቶች የስኳር ሕመምተኛ እንዲጠነቀቅ ይላሉ። በሌላ በኩል ዩሪያ ያላቸው ክሬሞች በስኳር ሕመምተኞች እግር ላይ ተሞክረው ድርቀቱን ቀንሰዋል። የእግር ክብካቤ ምክሮችም ቆዳው እንዳይሰነጠቅ በየቀኑ እንዲለሰልስ ያዛሉ። ስንጥቅ ለጀርም በር ነውና።

ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም የሚያወሩት ስለተለያየ መጠን ነው። ባልቆሰለ ቆዳ ላይ 10 በመቶ ገደማ ያለው ጥቅሙ ያመዝናል። 40 በመቶ ግን በገዛ ፈቃድ የሚጀመር አይደለም። ነርቩ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ሲቆስል አይድንም። ሰውየው መቁሰሉን የሚያውቀው ካልሲው ሲረጥብ ሊሆን ይችላል። ደነደነ ብሎ በምላጭ መላጥም ያው አደጋ ነው።

በዩሪያ የማይድኑ ነገሮች

ሻካራና ቅርፊት ያለው ቆዳ ሁሉ ድርቀት አይደለም። ጎንደር አካባቢ ይህ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። በደጋው የሚታየው ቁንጭር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ የሊሽማንያ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ይወጣል፣ ቅርፊትም ይይዛል። ቅርፊቱን በዩሪያ ማንሳት በሽታውን አይነካውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለሊሽማንያ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። መሄጃው ቅርብ ነው።

የደረቀና የተሰነጠቀ እግር ሲነኩት ካልተሰማው የሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። የሥጋ ደዌ ይድናል፣ ቶሎ ሲታወቅ ደግሞ አካል ሳይጎዳ ይድናል። አንድ እግር ብቻ ከተላጠና ካሳከከ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር የሚሰፋ ጥቁር ምልክት ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው እዚያ ነው። ቅባት ሲቀየር የሚባክነው ወር ይቆጠራል።

ከሌላ ክሬም ጋር ሲደባለቅ

ዩሪያ የቆዳን በር ያላላል። አብሮት የተቀባ መድኃኒት ጠልቆ ይገባል። ሐኪም ይህን ጠባይ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። ለምሳሌ ደካማ ስቴሮይድ ከዩሪያ ጋር ተቀምሞ ለችፌ ይሰጣል። ስቴሮይድ የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ነው።

ችግሩ ለማድያት ወይም ቆዳ ለማቅላት ተብሎ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ከሌላ ክሬም ጋር በዘፈቀደ ሲደባለቅ ነው። እነዚህ ብርቱ ስቴሮይዶች ለብቻቸው እንኳ ፊት ላይ ሲሰነብቱ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ የደም ሥር ያሳያሉ። ዩሪያ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይከፋል። በዕቃ ተሞልቶ ስም፣ መጠንና ቀን ሳይጻፍበት የሚሸጥ ክሬም አለመግዛት ነው። ተቀምሞ የሚሰጥ መድኃኒት በራሱ ክፉ አይደለም። መድኃኒት ቤቱ የዩሪያውን በመቶኛ፣ የተዘጋጀበትንና የሚያበቃበትን ቀን ጽፎ መስጠት አለበት። አሞኒያ አሞኒያ የሚሸት ወይም ቀለሙ የተለወጠ ክሬም ይጣላል።

ጥፍር

ለጥፍር የሚውለው ብዙውን ጊዜ 40 በመቶው ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት ዩሪያ ፈንገሱን ይገድላል ብሎ ማመን ነው። የዩሪያ ሥራ መንገድ መክፈት ነው። የወፈረውንና የተበላሸውን ጥፍር ያለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ የፀረ ፈንገስ መድኃኒቱ ሥሩ ይደርሳል። ብቻውን የተቀባ ዩሪያ ጥፍሩን ያነሳና ፈንገሱን እዚያው ይተወዋል።

ከዚያም በፊት ፈንገስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ወፍሮ ቢጫ ከሆነ ጥፍር ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ፈንገስ ሆኖ የሚገኘው። ቀሪው በጠባብ ጫማ መጎዳት፣ ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ምርመራው ከባድ አይደለም። ከጥፍሩ ሥር ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እንሶስላ የሚሞቁ ሴቶችም ከምርመራው በፊት ቀለሙ እስኪለቅ ቢጠብቁ ጥሩ ነው። ቀለሙ የጥፍሩን ለውጥ ይደብቃል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ጥፍር ላይ ማሰር የሚመክሩም አሉ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲያድር ቆዳ ያቃጥላል፣ ባይሞከር ይሻላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እግሩ ለብ ባለ ውኃ አሥር ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል፣ ይደርቃል። በጥፍሩ ዙሪያ ያለው ጤነኛ ቆዳ በቫዝሊን ወይም በፕላስተር ይከለላል። ቅባቱ ጥፍሩ ላይ ብቻ ይደረግና በፕላስተር ይታሸጋል። በሚቀጥለው ቀን ተከፍቶ የለሰለሰው ብቻ በቀስታ ይፋቃል፣ እንደገና ይታሸጋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ዩሪያ በአብዛኛው የሚያላላው የታመመውን ክፍል ነው። ጤነኛው ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እምቢ ያለውን መጎተት አያስፈልግም። ከዚያ የፀረ ፈንገስ ቅባቱ ሥራ ይጀምራል። መፋቂያው የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ፔዲኪዩር የሚሠራ ሰውም መሣሪያው ለሌላ ደንበኛ እንዳይተርፍ ቢጠነቀቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉ ይቀንሳል።

ሁሉም በዚህ መንገድ መሄድ አለበት ማለት ግን አይደለም። ብዙ ጥፍር ለተያዘበት ወይም እስከ ሥሩ ለዘለቀበት ሰው ተርቢናፊን የተባለው የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ የተሻለ ውጤት አለው። ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት፣ ለእጅ ደግሞ 6 ሳምንት ያህል ይወሰዳል። ጉበቱ የታመመ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አይመቸው ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዩሪያና የሚቀባ ፀረ ፈንገስ ይቀርቡለታል። የማያምና የማይስፋፋ ጥፍር ያለው አረጋዊ ደግሞ ጥፍሩን እያሳጠረ መኖር ከመረጠ ጥፋት አይደለም።

ማንኛውም መንገድ ቢመረጥ ጥፍር በራሱ ጊዜ ነው የሚያድገው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። የእግሩ ከዚያ ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር «አልሠራም» ብሎ የሚያቆመው ለዚህ ነው። በመስከረም የተነሳ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ሆኖ የሚታየው በሚቀጥለው መስከረም ነው። ለአንዳንዱ እስከ መጋቢት ይዘልቃል። እየሠራ መሆኑን ማወቂያው የጥፍሩ ሥር ነው፤ እዚያ ጥርት ብሎ የሚወጣ አዲስ ጥፍር ካለ መድኃኒቱ አይቋረጥም።